ሁለት የቅጥር ደብዳቤ እጃችሁ ላይ ሲኖር፦ ደመወዝ ሳይሆን ኑሮ እንዴት ይወዳደራል?

ከውጭ አገር የሥራ ደብዳቤ የደረሰው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ይታወቃል። ስልኩን አውጥቶ ደመወዙን በብር ያባዛል። ዓይኑ ይፈጣል። ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ «በወር ይህን ያህል!» ይባላል፣ በቃ ተወሰነ። ደብዳቤው ሌላ ምን እንደሚል ያነበበ የለም።

እኔ አዲስ አበባ የመንግሥት ሆስፒታል ነርስ ነበርኩ። አሁን ፍራንክፈርት አጠገብ በዚያው ሙያ እሠራለሁ። ታላቅ እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ናት፤ እሷም ነርስ። ታናሽ ወንድማችን ዱባይ ሆቴል ውስጥ ይሠራል። ሦስታችን በስልክ ስንገናኝ ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው፤ «የቱ ይሻላል?» ለሁሉም የሚሆን መልስ የለኝም። አወዳድሮ ለመወሰን የሚረዳ ዘዴ ግን አለኝ፤ እሱን ልንገራችሁ።

በብር አትመንዝሩ፣ ለሰዓት አካፍሉ

ኪራዩም፣ ዳቦውም፣ የባቡር ትኬቱም የሚከፈለው በዩሮ ወይም በዶላር ነው። ብር የሚመጣው ወደ ቤት ስትልኩ ብቻ ነው። ስለዚህ ስሌቱን እዚያው አገር ገንዘብ ላይ ጨርሱት።

ጀርመን ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው «ብሩቶ» ነው። እጃችሁ የሚገባው «ኔቶ» ነው። በመካከላቸው ገደል አለ። ያላገባ፣ ልጅ የሌለው፣ በግብር ክፍል 1 ያለ ሰው በወር 3,500 ዩሮ ብሩቶ ቢቀጠር እጁ የሚገባው ወደ 2,300 ገደማ ነው። የቀረው ግብር፣ ጡረታ፣ የጤና መድን፣ የሥራ አጥነት መድንና የእንክብካቤ መድን ነው። አዲስ መጪ የመጀመሪያውን የደመወዝ ወረቀት ሲያይ «ዘረፉኝ!» ማለቱ የተለመደ ነው። ትንሽ ታገሱ፣ ወደዚህ እንመለሳለን።

አሁን ወረቀት አውጡ። እጃችሁ ከሚገባው ላይ ኪራይ ቀንሱ። ጀርመን ከሆነ «ዋርምሚተ» የሚባለውን፣ ማለትም ማሞቂያውን የጨመረውን ኪራይ ያዙ፤ ማስታወቂያ ላይ ጎልቶ የሚታየው «ካልትሚተ» ያታልላል። ትራንስፖርት ቀንሱ። ስልክ፣ መብራት፣ ኢንተርኔት ቀንሱ። ጀርመን ለሬዲዮና ቴሌቪዥን በወር 18.36 ዩሮ ትከፍላላችሁ፤ ቴሌቪዥን ባይኖራችሁም። የተረፈውን ለሥራ ብላችሁ ከቤት ውጭ ለምታሳልፉት ሰዓት አካፍሉት። መንገዱንም፣ የማይከፈልበትን የምሳ ሰዓትም ቁጠሩ።

ምሳሌ ላሳያችሁ። ቁጥሩን የናንተ አድርጉት።

ጀርመን፦ ኔቶ 2,300። ኪራይ 900፣ የዶይችላንድ ቲኬት (የወር የባቡርና የአውቶቡስ ትኬት) 63፣ ሌላ ወርኃዊ ወጪ 117። የሚተርፈው 1,220 ዩሮ። በሳምንት 38 ሰዓት ተኩል ሥራ ከመንገድና ከምሳ ጋር በወር ወደ 197 ሰዓት ይመጣል። ለአንድ ሰዓት 6 ዩሮ ከ20 ሳንቲም አካባቢ።

ሜሪላንድ፦ በሰዓት 40 ዶላር የምታገኝ ነርስ በሳምንት ሦስት ባለ 12 ሰዓት ሺፍት ብትሠራ ከግብር በፊት በወር ወደ 6,200 ዶላር ነው። ከግብርና ከኢንሹራንስ ክፍያ በኋላ 4,400 እንበል። ኪራይ ከመብራቱ ጋር 2,000። መኪና 850፤ የወር ክፍያው፣ ኢንሹራንሱ፣ ቤንዚኑ። ስልክና ኢንተርኔት 150። የሚተርፈው 1,400። በወር ወደ 176 ሰዓት ብንይዝ ለአንድ ሰዓት 8 ዶላር ገደማ።

አያችሁ? ደብዳቤው ላይ አንዱ ከሌላው እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። ወጪው ሲወጣ ግን ተጠጋጉ። ዩሮው ከዶላሩ ስለሚበልጥ ልዩነቱ ይበልጥ ይጠባል። አሜሪካ አሁንም በገንዘብ ትቀድማለች፤ ያንን አልክድም። በተለይ ነርስ፣ ሹፌር ወይም የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኖ ተጨማሪ ሺፍት ለሚወስድ ሰው። አሜሪካ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ የሠራ ሰዓተኛ ሠራተኛ አንድ ተኩል እጥፍ ያገኛል። እህቴ ቤት የገዛችው በኦቨርታይም ነው።

አንድ ነገር አትርሱ። ደብዳቤው ላይ ያለው ደመወዝ የመጀመሪያው ዓመት ደመወዝ ላይሆን ይችላል። ጀርመን የነርስነት ወረቀታችሁ እውቅና እስኪያገኝ፣ ማለትም «አነርከኑንግ» እስኪያልቅ፣ በረዳትነት ደመወዝ ነው የምትሠሩት። አሜሪካም የነርስ ፈተናው እስኪታለፍ ድረስ ብዙ የአገራችን ልጅ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በረዳትነት ይቆያል። ስለዚህ ሁለት ቁጥር ጠይቁ፤ ከእውቅና በፊትና በኋላ።

ወደ ቤት የምትልኩትንም ስሌቱ ውስጥ እንደ ኪራይ አስገቡት። «ከተረፈኝ እልካለሁ» የሚባል ነገር የለም። ስልኩ ይደወላል፣ ትልካላችሁ።

የታመማችሁ ቀን ምን ይሆናል?

ከሁሉም በላይ እዚህ ጋ አንብቡ። የአንድ አገር የሥራ ባህል የሚታወቀው ሠራተኛው ጤነኛ ሆኖ ሲሮጥ አይደለም።

ጀርመን እንዲህ ነው። የጠዋት ተረኛ ነኝ እንበል፤ ሌሊት ትኩሳት ያዘኝ። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ዎርዱ ጋ እደውላለሁ። «ታምሜያለሁ፣ ዛሬ አልመጣም» እላለሁ። ስልኩን ያነሳችው የሌሊት ተረኛ «ጉተ በሰሩንግ» ትላለች፤ ይማርሽ እንደማለት ነው። በሽታዬ ምን እንደሆነ አትጠይቅም፣ መጠየቅም አይገባትም። ተመልሼ እተኛለሁ። ሕመሙ ከሦስት ቀን ካለፈ የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ውል ግን ከመጀመሪያው ቀን ይጠይቃል፣ ስለዚህ የናንተን እዩ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በመንግሥታዊ የጤና መድን ውስጥ ላለ ሰው ወረቀት ይዞ መሮጥ ቀርቷል። ሐኪሙ በኮምፒውተር ይልካል፣ አሠሪው ከመድን ድርጅቱ ያወርዳል። ለአንድ ሕመም እስከ 6 ሳምንት ድረስ ደመወዝ ሙሉ ነው። ከዚያ በኋላ የመድን ድርጅቱ ከብሩቶው 70 በመቶውን ይከፍላል፤ ከኔቶው 90 በመቶ ግን አይበልጥም።

አንድ ቀዳዳ አለ። በአዲስ ሥራ የመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት አሠሪው የሕመም ደመወዝ የመክፈል ግዴታ የለበትም። ያኔ የሚከፍለው የመድን ድርጅቱ ነው። እንደገባችሁ ብትታመሙ ሳትፈሩ ለመድኑ ደውሉ።

ቅድም «ዘረፉኝ» የተባለለት ገንዘብ እንግዲህ የገባው እዚህ ነው።

እህቴ ጋ ሌላ ዓለም ነው። ፒቲኦ የሚሉት አንድ ቋት አላት። ሽርሽሩም፣ ጉንፋኑም፣ የልጇ ትምህርት ቤት ስብሰባም ከዚያው ይቀነሳል። ስለዚህ ጉንፋን ሲይዛት ቲለኖል የሚባለውን ማስታገሻ ውጣ ትሄዳለች፤ ቀኑን ለአዲስ አበባ ጉዞ ታጠራቅመዋለች። አሜሪካ በፌዴራል ደረጃ አሠሪ የሕመም ወይም የዓመት ዕረፍት ቀን እየከፈለ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ሕግ የለም። ግዛት ከግዛት ይለያያል። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለየ30 ሰዓት ሥራ አንድ ሰዓት የሕመም ፈቃድ ይታሰባል፤ 15 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው አሠሪ ያንን ከነክፍያው ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ ለወሊድም ለከባድ ሕመምም 12 ሳምንት ይፈቅዳል፤ ግን ያለ ክፍያ። ለዚያውም 50 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ባለው ድርጅት ቢያንስ አንድ ዓመት ለሠራ።

የአሜሪካ ደብዳቤ ከያዛችሁ ስለ ኢንሹራንሱ ሦስት ቁጥር አስመጡ። በየወሩ ከደመወዝ የሚቆረጠው ስንት ነው? «ዲዳክቲብሉ»፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችሁ የሚወጣው፣ ስንት ነው? በዓመት ከኪሳችሁ ሊወጣ የሚችለው ጣሪያስ? ሦስተኛው ክፉ ቀን ሲመጣ የሚያስፈልጋችሁ ቁጥር ነው። ያን ያህል ገንዘብ ባንክ ውስጥ ሳይኖራችሁ ለቤት መላክ አትጀምሩ።

ደግሞ አገራችንን አታቃልሉ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ሠራተኛ ለመጀመሪያው የሕመም ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥሉት ሁለት ወራት ግማሽ ያገኛል። ወላድ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ከነደመወዟ ታርፋለች። በወረቀት ደረጃ አሜሪካን ያስንቃል። ወረቀቱ ከተግባሩ ምን ያህል እንደሚርቅ የሠራ ያውቀዋል።

ዕረፍቱን ስትቆጥሩ

«30 ቀን» የሚል ስታዩ የምን ቀን እንደሆነ ጠይቁ። የኤምሬትስ ሕግ 30 ቀን ይሰጣል፤ ግን ቅዳሜና እሁዱም የሚቆጠርበት 30 ቀን ነው። የጀርመን ሕግ በሳምንት 5 ቀን ለሚሠራ ቢያንስ 20 የሥራ ቀን ይላል። የመንግሥት ሆስፒታሎች የሚከተሉት የጋራ ስምምነት ደግሞ 30 የሥራ ቀን ነው፤ ስድስት ሳምንት ማለት ነው። አገር ቤት አዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል።

ጀርመኖች ዕረፍትን እንደ ቁም ነገር ነው የሚያቅዱት። እኛ ዎርድ የመጪው ዓመት ዕረፍት የሚሞላው ዓመቱ ሳይገባ ነው። ትልቅ ሠንጠረዥ ይለጠፋል፣ ሁሉም በእርሳስ ስሙን ያስገባል። የተማሪ ወላጆች የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲሆን ቅድሚያ አላቸው። የኛ ሰው እዚህ ላይ ይዘናጋል። የኛ ገና በጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ነው የሚውለው፤ እነሱ አክብረው ጨርሰው ዛፉን አውጥተው በሚጥሉበት ሰሞን። ፋሲካም አብዛኛውን ጊዜ ከነሱ ይለያል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 አንድ ቀን ዋለ፣ በ2026 የኛው በሳምንት ዘገየ። ይህ ጥቅም ነው፣ ምክንያቱም የነሱን በዓል እናንተ ሠርታችሁ የናንተን መጠየቅ ትችላላችሁ። የእሁድና የበዓል ተረኝነት ተጨማሪ ክፍያው በአብዛኛው ከግብር ነጻ ስለሆነ ኪስም አይጎዳም። ግን በጊዜ ጻፉት። በጾሙ ማብቂያ «ፋሲካ ደርሷል» ብሎ መሄድ ሰሚ የለውም።

ከአለቃ ጋር እንዴት ይወራል?

ይህ ደብዳቤ ላይ አይጻፍም፤ ኑሮን የሚያከብደው ወይም የሚያቀለው ግን እሱ ነው።

ጀርመን ፊት ለፊት ነው። ተረኛ ስትለዋወጡ አንዷ ባልደረባ ሁሉም ባለበት «ይህ ቅጽ በትክክል አልተሞላም» ትላለች። አገር ቤት ቢሆን ውርደት ነው፤ ሳምንት ያኮራርፋል። እዚህ ከሩብ ሰዓት በኋላ ያችው ሴት ቡና ይዛላችሁ ትመጣለች። ነገሩ ስለ ቅጹ ነበር፣ አልቋል። ቂም ይዛችሁ ከቆያችሁ ቂሙን የያዛችሁት ብቻችሁን ነው። እናንተም መልሱ። ከአቅም በላይ ሥራ ሲሰጣችሁ «ይህን ዛሬ አልችልም» ማለት ነውር የለውም። ይሉኝታ ይዟችሁ ዝም ካላችሁ ማንም አይረዳላችሁም። በዕረፍት ቀናችሁ ተደውሎ «ሰው ጎድሎናል፣ ትመጫለሽ?» ስትባሉም እምቢ ማለት ትችላላችሁ። ስልኩን አለማንሳትም ይቻላል። በነገራችን ላይ በልደት ቀን ኬክ የሚያመጣው ባለልደቱ ራሱ ነው። ሰው ያዘጋጅልኛል ብላችሁ አትጠብቁ።

አሜሪካ አለቃው ፈገግታ አይጎድለውም። «ግሬት ጆብ!» በየቀኑ ይባላል። እህቴ እንደምትለው ፈገግታውን ተቀበሉ፣ ግን እንደ ዋስትና አትያዙት። ከሞንታና በስተቀር በሁሉም ግዛት አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ምክንያት ማሰናበት ይችላል፤ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በፆታና በመሳሰለው አድልዎ እስካልሆነ ድረስ። ጀርመን የሙከራው ጊዜ እስከ 6 ወር ነው፤ በዚያ ውስጥ በሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ መለያየት ይቻላል። 6 ወር ካለፈና ድርጅቱ ከ10 በላይ ሠራተኛ ካለው ግን ለማሰናበት በቂ ምክንያት ያስፈልጋል። አንድ ዓመት መድን የከፈለ ሰው ሥራ ቢያጣ የኔቶውን 60 በመቶ፣ ልጅ ካለው 67 በመቶ፣ ለ6 ወር ያገኛል።

በሌላ በኩል አሜሪካ በር ቶሎ ይከፈታል። ማክሰኞ ቃለ መጠይቅ ተደርጎ ሰኞ ሥራ ይጀመራል። ዲግሪያችሁን ሳይሆን ምን እንደምትችሉ ይጠይቋችኋል። ጀርመን ለሁሉም ነገር ማህተም ያለበት ወረቀት ይፈልጋል፤ ወረቀቱ እስኪመጣ ጸጉር ይሸብታል።

ዱባይ ለምትሄዱ

የቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ስለሆነ ይህ ለድርጅት ሠራተኛ ነው። የገቢ ግብር የለም፣ ስለዚህ ቁጥሩ ያማልላል። ደብዳቤው ላይ «መሠረታዊ ደመወዝ» እና «አበል» ተለይተው እንደተጻፉ እዩ። ስትለቁ የሚሰጠው የአገልግሎት ክፍያ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ የሚታሰበው ግን በመሠረታዊው ብቻ ነው። 4,000 ድርሃም ተብሎ መሠረታዊው 1,500 ከሆነ ስሌቱ በ1,500 ነው። የኔ ወንድም ሁለተኛውን ሥራ ሲይዝ የተከራከረው በጠቅላላው አይደለም፤ መሠረታዊውን ከፍ አድርጉልኝ ብሎ ነው፣ ተሳካለት። መኝታ ከድርጅቱ ከሆነ በአንድ ክፍል ስንት ሰው እንደሚተኛ ጠይቁ። ፓስፖርታችሁን አሠሪ መያዝ አይፈቀድለትም።

ከሥራ ውጭ ያለው ኑሮ

ጀርመን እሁድ ሱቅ ዝግ ነው። ከማታው 4 ሰዓት በኋላ ድምፅ አይወደድም። የጠርሙስ መጣያ ውስጥ እሁድ ጠርሙስ ብትወረውሩ ጎረቤት ይወጣባችኋል። የኅዳርና የጥር ጨለማ ከባድ ነው፤ ከ11 ሰዓት ገደማ በኋላ ፀሐይ የለችም። ብቻውን የመጣ ሰው ይከፋዋል፣ ይህን አቅልላችሁ አትዩት። ልጅ ላለው ግን ይካሳል። ፍራንክፈርት ባለችበት በሄሰን ግዛት ውስጥ ከ3 ዓመት በላይ ላሉ ሕፃናት መዋያው በቀን እስከ 6 ሰዓት ነጻ ነው። የልጅ አበል እ.ኤ.አ. በ2026 ለአንድ ልጅ በወር 259 ዩሮ ነው። እህቴ ልጇን ለመዋያ የምትከፍለው ከኪራይ ጋር የሚፎካከር ስለሆነ ይህን ስነግራት ታኮርፋለች።

ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ እንጀራ ከቤት ወጣ ብሎ ይገኛል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው፣ ዘመድ ሞልቷል። ችግሩ ዘመዱ ሁሉ ሥራ ላይ ነው። ሁሉም ደብል ይሠራል። ሠርግም ለቅሶም ለሺፍት ይዘገያል ወይም በሺፍት ይቋረጣል። ማንም በማያርፍበት ሰፈር ማረፍ ስንፍና ይመስላል። እህቴ ሦስቱን ሺፍት ብቻ ሠርታ መኖር ትችላለች፤ በሒሳብ አረጋግጠናል። ግን አራተኛውን ትወስዳለች፣ ምክንያቱም ጎረቤቷም ይወስዳል። ስለዚህ ከማን ጋር እንደምትኖሩም አስቡበት።

ከመፈረማችሁ በፊት፣ ከፈረማችሁም በኋላ

ለመወሰን አንድ ሳምንት ጠይቁ። ጥያቄያችሁን በኢሜይል ላኩ፣ መልሱንም በኢሜይል ተቀበሉ። በስልክ የተባለ ነገር ኋላ የሚያስታውሰው የለም። አሜሪካ ከሆነ ቅጥሩ በ«ደብሊው-2» ነው ወይስ በ«1099» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው ከሆነ እንደ ግል ነጋዴ ነው የምትታዩት፤ የአሠሪውንም ድርሻ ግብር የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፣ ኢንሹራንስም የለም። ሥራ እንደጀመራችሁ የኢንሹራንስ ምዝገባው ጊዜ አለው፤ ብዙ ቦታ 30 ቀን ገደማ ነው። ካመለጣችሁ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ዓመታዊው የምዝገባ ጊዜ ትጠብቃላችሁ።

ጀርመን ከሆነ ቤት እንደያዛችሁ «አንሜልዱንግ» አለ፤ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ አድራሻ ማስመዝገብ። ቅጹ ላይ ሃይማኖት የሚል ቦታ አለ። የኛ ፕሮቴስታንት ወንድሞችና እህቶች በቅንነት «ኢቫንጌሊሽ» ብለው ይሞላሉ፣ ከዚያ በየወሩ የቤተ ክርስቲያን ግብር ይቆረጣል። ባቫሪያና ባደን-ቩርተምበርግ የገቢ ግብራችሁን 8 በመቶ፣ ሌላው ጋ 9 በመቶ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ይህን ግብር አይሰበስብም፣ መስጂድም እንዲሁ። ገንዘቡን ለመስጠት ፈቅዳችሁ ከሆነ መልካም ነው። ካልሆነ እስክሪብቶውን ከማንሳታችሁ በፊት የምን አባል ነኝ ብላችሁ እንደምትመዘገቡ ሠራተኛዋን ጠይቁ፤ በኋላ ለመውጣት ሌላ ቢሮ መሄድ ያስፈልጋል፣ በአብዛኛው ግዛትም ያስከፍላል።